አወሊያ፦ የመጅሊስ ምርጫ ለምን ቀበሌ ገባ?

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 11 አጭር ነው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አለቀ።

ይህን አንቀጽ የማይጠቅስ የለም። ሚኒስትሩ ይጠቅሰዋል። ጳጳሱ፣ ሼኹ፣ ፓስተሩ ይጠቅሱታል። አንድ እውነተኛ ጉዳይ ላይ አስቀምጦ የሚፈትሸው ግን ጥቂት ነው። እዚህ የማደርገው ያንን ነው። የመረጥኩት ጉዳይ በ2004 ከአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ ተነሥቶ አገር ያዳረሰው የአወሊያ ትምህርት ቤትና መስጊድ ጉዳይ ነው።

ለምን አወሊያ? መንግሥት አንድን እምነት ለማጥፋት ቢነሣ ስህተቱን ሁሉም ያየዋል። ማንም አይሳሳተውም። አወሊያ ላይ የሆነው ሌላ ነው። መንግሥት ከአንድ እምነት ውስጥ “ጥሩውን” መርጦ ለመርዳት ተነሣ። መለያየት የሚባለው ነገር የሚፈተነው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። አንባቢ ከየት ቆሜ እንደምጽፍ ቢያውቅ ይሻላል። በሙስሊሙ መካከል ያለውን የአቂዳ (የእምነት አስተምህሮ) ክርክር መዳኘት አልችልም፣ አልሞክርምም። መንግሥትም መዳኘት አይችልም። ጽሑፉ በሙሉ የሚዞረው እዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ከኋላ የነበረው

አንቀጽ 11 ከሰማይ አልወረደም። በ1948 የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለእሷ በስም ጠርቶ የሕግ ሰውነት ሰጣት። ሌሎቹን ሃይማኖቶች “በልዩ ሕግ ይመራሉ” ብሎ አለፋቸው። ያ ልዩ ሕግ ግን ለአሥርት ዓመታት ሳይመጣ ቀረ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ሰልፍ ወጡ። እኩልነት ጠየቁ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ አሉ። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተው ነበር። ከዚያ በኋላ ደርግ መጣና ሦስት የሙስሊም በዓላትን ብሔራዊ በዓል አደረገ። በ1968 መጅሊስ፣ ማለትም የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ ተቋቋመ። ግን በሕግ የቆመ ተቋም አልነበረም። ኢሕአዴግ ሲገባም መሬቱ አልተደላደለም። በየካቲት 1987 በአንዋር መስጊድ በተነሣ ግጭት ሰዎች ሞቱ፤ የግጭቱ ሥር የመጅሊሱ አመራር ጉዳይ ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረው መጅሊስ በብዙ ምእመናን ዓይን የመንግሥት ጥላ ያረፈበት ሆነ።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። መጅሊስ ማለት ለሙስሊሙ ተራ ማኅበር አይደለም። የሐጅ ጉዞ በእሱ በኩል ያልፋል። መስጊድ፣ መድረሳ፣ ወቅፍ፣ ከመንግሥት ጋር የሚደረግ ንግግር፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። እሱን የያዘ ብዙ ነገር ይይዛል።

አወሊያ ላይ የሆነው

አወሊያ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት አለው፣ መስጊድ አለው፣ አረብኛና የእስልምና ትምህርት የሚሰጥበት ክፍልም ነበረው። ለዓመታት ከውጭ የሙስሊም በጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ ያገኝ ነበር። በኋላ መጅሊሱ ተረከበው።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከአወሊያ ርቆ ነው። ሐምሌ 2003 ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ላይ ለኢማሞችና ለሃይማኖት አስተማሪዎች ሥልጠና ተከፈተ። አዘጋጁ መጅሊሱና የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ነበሩ። ከሊባኖስ የመጡ አሠልጣኞች ነበሩበት። እነሱ የመጡት አህባሽ ከሚባለው እንቅስቃሴ ነው። የእንቅስቃሴው መሥራች ሼኽ አብዱላህ አል ሐረሪ ሐረር ተወልደው፣ ቤሩት ኖረው፣ በ2000 ዓ.ም. ያረፉ ኢትዮጵያዊ ዓሊም ናቸው። ሥልጠናው ከሐረማያ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በየቦታው “አልሠለጥንም ያለ ኢማም ከመስጊዱ ተነሣ” የሚል አቤቱታ ተሰማ።

አህባሽ ትክክል ነው ወይስ አይደለም? ይህ የእኔ ጥያቄ አይደለም። የእንቅስቃሴው ተከታዮች የማመን፣ የማስተማር፣ ተከታይ የማፍራት ሙሉ መብት አላቸው። ጥያቄው ሌላ ነው። አንድ ሚኒስቴር የትኛው የሃይማኖት አስተምህሮ ለኢማሞች እንደሚሰጥ ለመወሰን ምን ሥልጣን አለው? ሚኒስቴሩ የሠራው የሕገ መንግሥት ትምህርት መስጠት ብቻ ነው የሚል መልስ ተሰጥቶ ነበር። ሕገ መንግሥት ለማስተማር ግን ከቤሩት ዓሊም ማምጣት አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱን የሚያስተምር የሕግ መምህር እዚያው ሐረማያ አለ።

ታኅሣሥ 2004 ላይ መጅሊሱ አወሊያ ያሉትን ወደ 50 የሚጠጉ የአረብኛ መምህራን አሰናበተ። የእስልምና ትምህርት ክፍሉም ተዘጋ። ተማሪዎቹ ተቃወሙ። ወላጅ መጣ። ከሰፈሩ ሰው መጣ። በየሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግቢው ሞልቶ መንገድ እስኪዘጋ ሰው ይሰበሰብ ጀመር። ከመርካቶ፣ ከቦሌ፣ ከሌላም አቅጣጫ ወደ አወሊያ የሚጎርፈው ሕዝብ ከሳምንት ወደ ሳምንት በዛ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 17 አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ ተመረጠ። አቡበከር አሕመድ ሰብሳቢ፣ አሕመዲን ጀበል ቃል አቀባይ ሆኑ። ያሲን ኑሩና ካሚል ሸምሱም አባላት ነበሩ።

የኮሚቴው ጥያቄ ሲጨመቅ ሦስት ነበር። የመጅሊሱ አመራር በምእመናን ምርጫ ይተካ። አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይመራ። የአህባሽ ሥልጠና በማስገደድ መሰጠቱ ይቁም። ጥያቄዎቹን ይዘው የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስትር ጋ ገቡ። ተወያዩ። ምርጫ ይደረጋል የሚል መልስ መጣ። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር።

አላለቀም። በሚያዝያ 2004 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ፓርላማ ቀርበው ስለ አክራሪነትና ስለ አልቃይዳ ሴል ተናገሩ። በዚያው ወር አርሲ ውስጥ አሳሳ ላይ በፖሊስና በምእመናን መካከል በተፈጠረ ግጭት ሰዎች ተገደሉ። ሐምሌ 6 ቀን 2004፣ የአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ሊከፈት ሲል፣ ፖሊስ አወሊያ ገባ። ሰዎቹ ለእሑድ ሰደቃ እየተዘጋጁ ነበር። ብዙ ሰው ታሰረ። በቀጣዮቹ ቀናት የኮሚቴው አባላትም ታሰሩ።

ጥቅምት 19 ቀን 2005 በ29 ሰዎችና በሁለት ድርጅቶች ላይ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ክስ ተመሠረተ። እስላማዊ መንግሥት ለማቋቋም አሲረዋል ተባለ። ፍርድ ሳይሰጥ በመንግሥት ቴሌቪዥን ዶክመንታሪ ቀረበባቸው። ሐምሌ 27 ቀን 2007 በ18ቱ ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተወሰነ። አቡበከር፣ አሕመዲን፣ ያሲንና ካሚል 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

በውጭ የቀረው ሰው ዝም አላለም። “ድምፃችን ይሰማ” በሚል ስም ዓርብ ዓርብ መሰባሰቡ ቀጠለ። አንድ ቀን ነጭ ወረቀት፣ ሌላ ቀን ቢጫ ካርድ ከፍ ይላል። አንዳንዴ በዝምታ ቆመው ይበተናሉ። ይህ እንቅስቃሴ በአገራችን ከታዩት ረጅም የሰላማዊ ተቃውሞ ልምዶች አንዱ ነው። ያኔ ስለ ሰላማዊ ትግል ብዙ የሚያወሩ ፖለቲከኞች ከዚህ ምን እንደተማሩ አላውቅም። መማር ግን ነበረባቸው።

ቀበሌው

ጉዳዩ ውስጥ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የምርጫው ቦታ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ያየዋል።

ምርጫ ይደረግ ተባለ። ምእመናኑ በመስጊድ ይሁን አሉ። መንግሥትና የዑለማ ምክር ቤቱ በቀበሌ ይሁን አሉ። መስከረም 2005 መጨረሻ ላይ ኮሚቴው እስር ቤት እያለ ምርጫው በቀበሌ አዳራሾች ተካሄደ። አዲስ መጅሊስ ተመረጠ። ብዙ ምእመን ግን የእኔ ብሎ አልተቀበለውም።

የመንግሥት ክርክር ይህ ነበር፦ መስጊዶች በሁለት ወገን ተከፍለዋል፤ እዚያ ምርጫ ቢደረግ ይጋጫሉ። ቀበሌ የሁሉም ነው። አዳራሹ ያለ ኪራይ ይገኛል። ሴቱም ወንዱም በነፃነት ይመርጣል። ይህን ክርክር መናቅ አይገባም። ተራ ሰበብ አልነበረም። አንዳንድ መስጊድ ውስጥ ኢማሙን የሚደግፍና የሚቃወም ፊት ለፊት የቆመበት ጊዜ ነበር።

ግን ቀበሌ ምንድን ነው? ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ በ1967 ያቋቋመው መዋቅር ነው። ስኳርና ዘይት በእሱ በኩል አልፏል። መታወቂያ የሚሰጠው እሱ ነው። የቀበሌ ቤት የሚያከራየው እሱ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ሰው የታሰረበት እሱ ነው። በ2005 ደግሞ አንድ ለአምስት የሚጠረነፈው በእሱ በኩል ነበር። በስም ወረዳ ቢሆንም ሰው ቀበሌ ማለቱን አልተወም። እንዲህ ያለ ቦታ ገለልተኛ አዳራሽ ነው ማለት እዚያ ጉዳይ ኖሮት ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚያሳምነው።

እስቲ ወደ እኔ ልመልሰው። የአጥቢያዬ ሰበካ ጉባኤ አባላት ቀበሌ ይመረጡ ቢባል ምን እላለሁ? መዝጋቢው የወረዳው ሠራተኛ ነው። እሱ ደግሞ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ ያያል። ነገ መታወቂያ ላድስ ስሄድ የማገኘው እሱኑ ነው። ንስሐ አባቴ ላይ ቅሬታ ያለኝ ሰው ብሆን እንኳ አልሄድም። ቅሬታዬ የቤቴ ቅሬታ ነው። ይህን ስሜት የሚያውቅ ክርስቲያን ሁሉ የአወሊያን ጥያቄ ለመረዳት ቁርአን ማንበብ አያስፈልገውም።

ስለዚህ የቦታው ጥያቄ የሥልጣን ጥያቄ ነበር። መራጩን ማን ይመዘግባል? ዕጩውን ማን ያጣራል? ውጤቱን ማን ያውጃል? እነዚህ ሦስቱ በመንግሥት መዋቅር ውስጥ ካለፉ የተመረጠው ሰው ሼኽ ይሁን ቄስ ያው ነው። ባለ ዕዳ ሆኖ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በአንቀጽ 11 ላይ የሚጻፍ ሐተታ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

እኔ አንቀጽ 11 ተከብሯል ወይስ አልተከበረም ስባል የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የምእመናኑን መሪና አስተማሪ የሚመርጠው ማን ነው? መንግሥት ሃይማኖትን ወደደ ወይስ ጠላ፣ ባለሥልጣኑ በዓል ላይ ተገኘ ወይስ ቀረ፣ እነዚህ ሁለተኛ ናቸው። ቱርክ ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲያነት የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አላት፤ ኢማሞችን የሚሾመውና ደመወዝ የሚከፍለው እሱ ነው። ራሷን ግን ዓለማዊ መንግሥት ትላለች። እንግሊዝ በተቃራኒው መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ 26 ጳጳሳት የጌቶች ምክር ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። የሎንደን መስጊድ ኮሚቴ ሲመረጥ ግን የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት አይመዘግብም። ከአወሊያ ሰዎች አንጻር ካየነው የትኛው አገር ለመለያየት እንደሚቀርብ ለአንባቢ ግልጽ ይመስለኛል።

የመንግሥት ሥጋት እውነት ነበረ ወይ?

አዎ፣ ነበረ። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም።

በ2003 የካቲት መጨረሻ ጅማ ዞን አሰንዳቦና አካባቢው በርካታ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ሰዎች ተፈናቅለዋል። ጎረቤት ሶማሊያ ላይ አልሸባብ ነበር፤ ሠራዊታችንም በ2004 ተመልሶ ገብቶ ነበር። አንድ መንግሥት ይህን እያየ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ የሚል የለም። ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለ ሰው መያዝ አለበት። ሰው የገደለ መከሰስ አለበት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 እምነትን የመግለጽ መብት የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርትና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥም እንዲሁ።

ግን ልብ በሉ። ሊገደብ የሚችለው እምነትን የመግለጽ መብት ነው። ድርጊት ነው። ቤት ማቃጠል የወንጀል ሕጉ ያውቀዋል፤ ፖሊስ ያውቀዋል፤ ዳኛ ያውቀዋል። አቂዳን ግን አንዳቸውም አያውቁትም። መንግሥት ከወንጀል ሕጉ ወጥቶ “ትክክለኛውን እስልምና” ፍለጋ ሲሄድ የማያውቀው አገር ገባ። እዚያ ደግሞ መሪ ያስፈልገዋል። መሪው ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንዱ ሆነ። ዳኛው ሳይወድ በግድ ወገን ያዘ።

የትምህርት ቤቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። አወሊያ ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምር ተቋም ነው። የመምህሩን ደረጃ፣ የክፍሉን ስፋት፣ ሥርዓተ ትምህርቱን መንግሥት ቢቆጣጠር ትክክል ነው። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። በዚያው ግቢ ከመደበኛው ውጭ ስለሚሰጠው የዲን ትምህርት ግን አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 2 ይናገራል፤ ምእመናን የራሳቸውን የሃይማኖት ትምህርትና የአስተዳደር ተቋም ማቋቋም ይችላሉ። ሁለቱ አንቀጾች አይጣሉም። አንዱ የፊዚክስ ክፍሉን ይመለከታል፣ ሌላው የአረብኛውን። ያኔ የጠፋው ይህ መስመር ነው።

ውጤቱስ? አክራሪነትን ለመቀነስ ተብሎ የተጀመረው ሥራ ከዚያ በፊት ስለ አህባሽ ሰምቶ የማያውቀውን ወጣት አደባባይ አወጣው። መንግሥት ለዘብ ያሉትን አንጋፋ ዑለማ እንኳ አስቀየመ። ለአክራሪ ቀስቃሽ ከዚህ የተሻለ ስጦታ ምን አለ? “መንግሥት ዲናችሁን ሊቀይር ነው” ለማለት ማስረጃ ማቅረብ አላስፈለገውም።

ሃይማኖት በመንግሥት ጣልቃ ሲገባስ?

ኮሚቴው የተከሰሰው በዚህ ነው። ሃይማኖትን ለፖለቲካ ተጠቀማችሁ፣ እስላማዊ መንግሥት አሰባችሁ ነው የተባለው።

ክሱን ከጥያቄዎቻቸው አጠገብ አስቀምጬ አየሁት። ሸሪዓ ይግባ አላሉም። የፓርላማ ወንበር አልጠየቁም። ፓርቲ አላቋቋሙም። የጠየቁት የራሳቸውን ተቋም መሪ መምረጥ ነው። የሚጠቅሱትም አንቀጽ 11ን ነበር። አንድ ሃይማኖት መንግሥትን “ከቤቴ ውጣልኝ” ሲል በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እየገባ አይደለም። ዜጋ ሆኖ መብቱን እየጠየቀ ነው።

መስመሩ የት እንደሚሰበር እንድናይ ግን ሌላውንም እናገራለሁ። አንድ ቄስ፣ ሼኽ ወይም ፓስተር ሕግ ለሁሉም ዜጋ በእኔ መጽሐፍ ይውጣ ካለ፣ ወይም የወረዳ ሹመት ለእኔ ምእመን ይሰጥ ብሎ ከደወለ፣ የሁለተኛውን ግማሽ መስመር አልፏል። ይህ በአገራችን አለ። ከሁሉም ወገን አለ። ብዙ ጊዜ በምስጢር ስለሆነ ግን ማንም አይከሰስበትም፤ የሚከሰሰው በአደባባይ የጠየቀው ነው።

ከ2010 ወዲህ

የታሳሪዎቹ አንዳንዶቹ ቀደም ብለው በይቅርታ ወጡ። አሕመዲን ጀበል በየካቲት 2010 ከሌሎች የፖለቲካ እስረኞች ጋር ተፈታ። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን ከያዙ በኋላ መጅሊሱንና የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴውን አገናኙ፤ ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ስምምነት ላይ ተደረሰና ሙፍቲ ሐጂ ዑመር እድሪስ የሽግግሩ መሪ ሆኑ። ሰኔ 2012 ፓርላማው በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ለመጅሊሱ የሕግ ሰውነት ሰጠ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ “በልዩ ሕግ” ብሎ ያለፈው ነገር ከስድሳ ዓመት በኋላ መጣ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስልም በአዋጅ ቁጥር 1208/2012 የሕግ ሰውነት አገኘ።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ደስ ብሎኛል። እዚያው ላይ ግን አንድ ጥያቄ ማንሣት አለብኝ። ዕርቁ የተደረገው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካይነት ነው። የ2003ቱ ሥልጠናም የመጣው ከሚኒስቴር ነበር። አንዱ ጥሩ፣ ሌላው መጥፎ ነበር እንላለን፤ እኔም እላለሁ። የበሩ ቁልፍ ግን በሁለቱም ጊዜ በመንግሥት እጅ ነው። ዛሬ ለዕርቅ የገባ ነገ ለሌላ ሊገባ ይችላል።

በሐምሌ 2014 ሼኽ ሐጂ ኢብራሂም ቱፋ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ያኔም ውዝግብ ነበር። በነሐሴ 2017 ግን አገር አቀፍ የመጅሊስ ምርጫ ተካሄደ። ድምፅ የተሰጠው በየመስጊዱ ነው። በዚህም ምርጫ ላይ ቅሬታ ያቀረበ አለ። ቅሬታው የሚታየው ግን በራሳቸው ሕግ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት አይሆንም የተባለው ሆነ፤ አገርም አልፈረሰም።

ትምህርቱ በሌላው ቤት ገብቷል ወይ? በጥር 2015 ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾምን ሲሉ የኔ ቤተ ክርስቲያን ተናወጠች። ሲኖዶሱ ያኔ የጮኸው አንቀጽ 11ን ይዞ ነው። መንግሥት ለአንዱ ወገን ጥበቃ ሰጠ፣ በር ሰበረ ሲል ከሰሰ። ሻሸመኔ ላይ ሰው ሞተ። ጉዳዩ በየካቲት በጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት በስምምነት ተቋጨ። እዚህም ቁልፉ ያው እጅ ላይ ነበር። በ2004 የአወሊያን ጥያቄ የሙስሊሞች ጉዳይ ነው ብለን ያለፍን ክርስቲያኖች በ2015 ያንኑ አቤቱታ በራሳችን አፍ ስንናገረው ሰማሁ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ አዲስ አበባን ከብቦ በተመሠረተው ሸገር ከተማ መስጊዶች ፈረሱ። በተከታታይ ዓርቦች አንዋር መስጊድ አካባቢ በተነሣ ተቃውሞ የሰው ሕይወት አለፈ። የዳር ከተማው ጥያቄ ስለ ካርታና ይዞታ ስለሆነ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ያለ ካርታ የተሠራ ቤት ሁሉ በአንድ ሕግ ይታይ ብንል እንኳ፣ መስጊድም ይሁን ቤተ ክርስቲያን ሲነሣ ምእመኑን ቀድሞ ማነጋገርና ምትክ ቦታ ማሳየት የሚያቅት ሥራ አልነበረም።

ያልተዘጋው ፋይል

የአወሊያ ሰዎች የወጡት በይቅርታ ነው። ይቅርታ የሚደረገው ለጥፋተኛ ነው። የ22 ዓመቱ ፍርድ ውስጥ ስለ እስላማዊ መንግሥት የተጻፈው በይቅርታ አልተሻረም። ፍርድ ሳይሰጥ በቴሌቪዥን ወንጀለኛ ናቸው የተባሉበት ፕሮግራምም እንዲሁ። ታስረው የተገረፉ አሉ፤ ችሎት ላይም ተናግረዋል።

መጅሊሱ ዛሬ በሕግ የቆመ፣ በመስጊድ የተመረጠ ተቋም ነው። ይህን ለመጠየቅ ከእሱ የሚሻል የለም፦ የ2005ቱ ክስና የ2007ቱ ፍርድ በፍርድ ቤት እንደገና ይታይ። ክሱን ያዘጋጁት፣ ሥልጠናውን ያዘዙት፣ ምርጫውን ቀበሌ ያስገቡት ሹማምንት ማን ምን እንደወሰነ በጽሑፍ ይውጣ። ጥያቄውን የኔ ቤተ ክርስቲያንና የወንጌላውያኑ ካውንስልም አብረው ቢፈርሙበት እወዳለሁ። በ1966 ሚያዝያ በአንድ ሰልፍ ላይ አብረን ወጥተን ነበርና፣ በአንድ ወረቀት ላይ አብሮ መፈረም ሊከብደን አይገባም።